በበጎ ፈቃደኞች እጅ የታደሰ ሐዲድ፦ የፌስቲኒዮግ ባቡር መንገድና የሐዲድ ሥራ ሳይንስ

መግቢያ

ስለ ባቡር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሎኮሞቲቩ፣ ጢሱና ፉጨቱ ነው። ሐዲዱን ግን እንደ ተራራና እንደ ወንዝ ሁልጊዜ በቦታው የሚገኝ ነገር አድርገን እናልፈዋለን። ይህ አመለካከት ትክክል አይደለም። ሐዲድ አንድ ጊዜ ተዘርግቶ የሚተው ነገር ሳይሆን በየዓመቱ የሚስተካከል፣ ጠባቂ ካጣም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገልግሎት ውጭ የሚሆን ሥራ ነው። ዝናብ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ ብረቱን ያረዝሙታል፣ ያሳጥሩታል፤ የባቡሩ ክብደት ጠጠሩን ወደ መሬት ያሰምጠዋል።

በዚህ ጽሑፍ ለበርካታ ዓመታት ተጥሎ የነበረ አንድ የባቡር መንገድ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት እንዴት እንደታደሰ እንመለከታለን። መንገዱ በሰሜን ዌልስ የሚገኘው የፌስቲኒዮግ ባቡር መንገድ ነው። ከሥራው ተካፋዮች አብዛኞቹ ባቡር ሠራተኞች አልነበሩም፤ በዕረፍት ቀናቸው አካፋና ዶማ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ጽሑፋችን የሚያነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሙያው ሐዲድ ሥራ ያልሆነ ሰው የዘረጋው መንገድ ሕዝብ ተሳፍሮበት በደኅና ሊሄድበት ይችላልን? መልሱን ለማግኘት ከታሪኩ ጎን ለጎን ከሐዲድ ሥራ በስተጀርባ ያለውን ሳይንስ እንመረምራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመንገዱ ታሪክ ባጭሩ

በሰሜን ዌልስ ተራሮች ውስጥ በቀጫጭኑ የሚሰነጠቅ ጥቁር ግራጫ ድንጋይ በብዛት ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ ድንጋይ ለቤት ጣሪያ ክዳን በእጅጉ ይፈለግ ስለነበር ከተራራው ወደ ወደብ የሚያደርሰው መንገድ አስፈለገ። የብሪታንያ ፓርላማ በ1832 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ መሠረት ኩባንያ ተቋቋመና በ1836 ዓ.ም. ከብላይናይ ፌስቲኒዮግ እስከ ፖርትማዶግ ወደብ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መስመር ተከፈተ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 597 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፤ ይህም በጠባብ ሸለቆና በገደል ጥግ ለመጠማዘዝ ይረዳ ነበር።

የመንገዱ አቀያየስ የፊዚክስ ተማሪን ሊያስደንቅ የሚገባው ነው። መስመሩ ከላይ እስከ ታች ሳያቋርጥ ቁልቁል እንዲወርድ ተደርጎ ተቀየሰ፤ በአማካይ በየ90 ሜትሩ ወደ 1 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ድንጋይ የጫኑት ፉርጎዎች በመሬት ስበት ብቻ ተንከባለው ወደብ ይደርሱ ነበር፤ የሠራተኞቹ ተግባር ፍሬን መያዝ ብቻ ነበር። ባዶዎቹን ፉርጎዎች ወደ ተራራው መልሰው የሚጎትቱት ፈረሶች ሲሆኑ፣ ቁልቁል ሲመለሱ ፈረሶቹም ለእነርሱ በተዘጋጀ ፉርጎ ላይ ተጭነው ይወርዱ ነበር። በ1863 ዓ.ም. የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሥራ ጀመረ፤ በ1865 ዓ.ም. ደግሞ መንገደኞችን ማመላለስ ተጀመረ።

የጣሪያ ድንጋይ ገበያ እየቀነሰ ሲሄድ መንገዱም አብሮ ደከመ። የመንገደኞች አገልግሎት በ1939 ዓ.ም.፣ የጭነቱ ደግሞ በ1946 ዓ.ም. ቆመ። ይሁን እንጂ መንገዱን ያቋቋመው አሮጌ ሕግ ስለ መዝጋት ምንም ስላልደነገገ ሐዲዱ ሳይነቀል ባለበት ቀረ። ቁጥቋጦ ዋጠው፤ እንጨቱ በሰበሰ፤ የውኃ መውረጃ ቦዮቹ በአፈር ተደፈኑ።

በዚሁ ጊዜ በዚያው በዌልስ፣ ታሊሊን በተባለ ሌላ ትንሽ የባቡር መንገድ ላይ አዲስ ነገር ታየ። የመንገዱ ባለቤት በ1950 ዓ.ም. ሲሞቱ ደራሲውና መሐንዲሱ ቶም ሮልት ከጓደኞቹ ጋር ማኅበር አቋቋመ፤ በ1951 ዓ.ም. በበጎ ፈቃደኞች የሚካሄድ የመጀመሪያው ባቡር ተጓዘ። በዓለም ላይ በበጎ ፈቃደኞች ተጠብቆ አገልግሎቱን የቀጠለ የመጀመሪያው የባቡር መንገድ ይህ ነው። የታሊሊን ሐዲድ በወቅቱ እጅግ ከመጎዳቱ የተነሣ በብዙ ቦታ ሐዲዶቹን በስፋታቸው ጠብቆ የያዛቸው ከበሰበሰው እንጨት ይልቅ በላያቸው የበቀለው ሣር ነበር።

ይህ ምሳሌ የፌስቲኒዮግን ወዳጆች አነቃቃ። በ1951 ዓ.ም. ሊዮናርድ ሂዝ ሃምፍሪስ የተባለ የ17 ዓመት ወጣት በብሪስቶል ከተማ ስብሰባ ጠራ። በ1954 ዓ.ም. አለን ፔግለር የተባለ ባለሀብት ኩባንያውን ተቆጣጠረ። በ1955 ዓ.ም. ከፖርትማዶግ ተነሥቶ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የባሕር ግድብ የሚያቋርጥ ባቡር መንገደኞችን ይዞ ተጓዘ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ፣ ክፍል በክፍል፣ በ1958 ዓ.ም. እስከ ታን-ኢ-ቡልክ፣ በ1968 ዓ.ም. እስከ ዲያልት ጣቢያ ተከፈተ። ከዲያልት በላይ የገጠመውን ችግር ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ አስቀድመን ግን ሐዲድ ምን እንደሆነ እንይ።

ሐዲድ ከምን ከምን ይሠራል?

የባቡር መንገድ አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። ከላይ ሁለቱ የብረት ሐዲዶች አሉ። ከእነርሱ ሥር በአግድም የሚጋደሙ የእንጨት፣ የብረት ወይም የኮንክሪት ተሸካሚዎች አሉ፤ በዚህ ጽሑፍ “አግዳሚዎች” እንላቸዋለን። አግዳሚዎቹ የሚያርፉት በተፈለጠ ድንጋይ፣ ማለትም በኮረት ላይ ነው። ከሁሉም በታች የተደለደለው መሬትና የውኃ መውረጃው ይገኛል።

የእነዚህ ክፍሎች ዋና ተግባር ክብደትን ደረጃ በደረጃ ማከፋፈል ነው። ይህን በቁጥር ለማየት አንድ የሎኮሞቲቭ መንኰራኩር 3 ቶን ይሸከማል እንበል፤ ይህም 30,000 ኒውተን ገደማ ነው። መንኰራኩሩ ሐዲዱን የሚነካበት ስፍራ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ግፊቱ 300 ሚሊዮን ፓስካል ይደርሳል። ይህን ያህል ግፊት ሊችል የሚችለው ጠንካራ ብረት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ታች እንውረድ። የሁለቱ ጥንድ መንኰራኩሮች 60,000 ኒውተን በሦስት አግዳሚዎች ላይ ተከፋፈለ እንበል። እያንዳንዱ አግዳሚ 1.4 ሜትር ርዝመትና 0.2 ሜትር ስፋት ቢኖረው ሦስቱ ኮረቱን የሚነኩበት ስፋት 0.84 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በኮረቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት 71,000 ፓስካል ገደማ ነው፤ በሐዲዱ ላይ ከነበረው ከ4,000 ጊዜ በላይ ያነሰ ማለት ነው። አንድ ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም መሬትን ከሚጫነው ግፊት ሁለት እጥፍ ቢሆን ነው። ለስላሳ መሬት ከባድ ባቡርን ሊሸከም የሚችልበት ምስጢር እዚህ ላይ ነው።

ኮረቱ ለምን ማዕዘን ያለው ድንጋይ እንዲሆን ይፈለጋል? ከወንዝ የሚወጣ ክብ ጠጠር ሲጫኑት እርስ በርሱ ይንሸራተታል። ተፈልጦ የወጣ ድንጋይ ግን ጥርስ በጥርስ ተያይዞ አግዳሚውን ወደ ጎን እንዳይሄድ ይይዘዋል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተትም ውኃን ያሳልፋል። ክፍተቱ በአፈርና በቅጠል ብስባሽ ሲሞላ ውኃ ይቋጥራል፤ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ እንጨት አብስባሽ ፈንገሶችም ይራባሉ። ዝናብ በማይለየው የሰሜን ዌልስ ተራራ የበጎ ፈቃደኞቹ የመጀመሪያ ሥራ ሐዲድ መዘርጋት ሳይሆን ቁጥቋጦ መመንጠርና ቦይ መጥረግ የሆነው ስለዚህ ነበር።

አሮጌ ሐዲድ እንዴት ይታደሳል?

ሥራው የራሱ የሆነ ቅደም ተከተል አለው። ቦዮቹ ከተጠረጉ በኋላ አሮጌው ሐዲድ ይፈታል። ብሎኖቹ ዝገው ስለሚጣበቁ ብዙዎቹ ተቆርጠው ይወጣሉ። ከሐዲዶቹ ገና የሚያገለግሉት ከማያገለግሉት ይለያሉ፤ የበሰበሱት አግዳሚዎች ይነሣሉ፤ የቆሸሸው ኮረት ይዛቃል ወይም ይነፋል። ቀጥሎ አዲስ ኮረት ይነጠፋል፤ አግዳሚዎቹ በእኩል ርቀት ይደረደራሉ፤ በላያቸውም ሐዲዱ ይቀመጣል።

ሐዲድ ማንሣት በራሱ ትምህርት ነው። በአንድ ሜትር 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሐዲድ ርዝመቱ 10 ሜትር ቢሆን ክብደቱ 300 ኪሎ ግራም ነው። አሥር ሰዎች በመያዣ ጉጠት ቢያነሡት ለእያንዳንዱ 30 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። ነገር ግን ከአሥሩ ሁለቱ ቀድመው ቢለቁ የቀሩት ስምንቱ በድንገት ለእያንዳንዳቸው ከ37 ኪሎ ግራም በላይ ይሸከማሉ፤ ሐዲዱም ወደ አንድ ወገን ያጋድልና እግር ይሰብራል። በዚህ ምክንያት የቡድኑ ሥራ በአንድ ሰው ትእዛዝ፣ በአንድ ድምፅ ይካሄዳል። በአገራችን ደቦ የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጉልበት የሚቆጠረው በሰው ብዛት ብቻ ሳይሆን በመናበብም ጭምር ነው።

ሐዲዶቹ ከተቀመጡ በኋላ በመካከላቸው ያለው ስፋት በልክ በተሠራ ዘንግ ይለካል። ስፋቱ ከሚገባው በላይ ከሰፋ መንኰራኩሩ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ ከጠበበ ደግሞ ሐዲዱን ይወጣል። ስለዚህ ልኩ የሚጠበቀው በሚሊ ሜትር ነው። በመጨረሻ ሐዲዱ ከነአግዳሚው በክሪክ ተነሥቶ ከሥሩ ኮረት ይጠቀጠቃል፤ የሁለቱ ሐዲዶች ከፍታ በውኃ ልክ ይመዘናል። ባቡር ጥቂት ቀናት ከተመላለሰበት በኋላ ኮረቱ እንደገና ስለሚሰምጥ ማንሣቱና መጠቅጠቁ ይደገማል። መግቢያው ላይ ሐዲድ ተዘርግቶ የሚተው ነገር አይደለም ያልነው ስለዚህ ነው።

ሙቀትና ብረት

ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሽየስ ሲጨምር በ0.000012 ሜትር ያህል ይረዝማል። ቁጥሩ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን 12 ሜትር የሚረዝም ሐዲድ ከክረምት ብርድ እስከ በጋ ፀሐይ በ40 ዲግሪ ቢሞቅ፦

12 × 0.000012 × 40 = 0.00576 ሜትር

ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። 20 ኪሎ ሜትር ያለ ክፍተት የተያያዘና በነፃ መርዘም የሚችል ሐዲድ ቢኖር በዚያው ሙቀት ከ9 ሜትር ተኩል በላይ ይረዝም ነበር።

መርዘም ቢከለከልስ? በዚህ ጊዜ በብረቱ ውስጥ ከፍተኛ ጉልበት ይፈጠራል። ከላይ የጠቀስነው በሜትር 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሐዲድ የቁራጭ ስፋቱ 38 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት እንዳይረዝም ቢታገድ የ37 ቶን ክብደት ያህል ጉልበት ጫፍና ጫፉን ይገፋዋል። ሐዲዱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ ካልቻለ ወደ ጎን ይጎብጣል፤ በዚያ ላይ የሚመጣ ባቡርም ይወድቃል።

ለዚህ ነው በሐዲዶች መጋጠሚያ ላይ ሆን ተብሎ ትንሽ ክፍተት የሚተወው። የክፍተቱ መጠን የሚወሰነው ሥራው በሚሠራበት ሰዓት ባለው የብረቱ ሙቀት ነው፦ በብርድ ቀን ሰፋ ያለ፣ በሙቀት ቀን ጠበብ ያለ ይሆናል። የበጎ ፈቃደኞቹ ቡድን መሪ የብረቱን ሙቀት ይለካል፤ በሁለቱ ሐዲዶች ጫፍ መካከልም ልኩን የጠበቀ ስስ ብረት ያስገባል፤ ማያያዣው ከታሰረ በኋላ ስሱ ብረት ይወጣል። መጋጠሚያውን የሚያያይዙት ብረቶችም በየጊዜው ተፈትተው ቅባት ይቀባሉ፤ በዝገት ከተጣበቁ ሐዲዱ እንደ ልቡ ሊረዝምና ሊያጥር አይችልምና። ባቡር ስንሳፈር የምንሰማው የተመጣጠነ የ“ቀጭ ቀጭ” ድምፅ መንኰራኩሮቹ እነዚህን ክፍተቶች ሲሻገሩ የሚያሰሙት ነው።

በኩርባ ላይ

የፌስቲኒዮግ መንገድ ኩርባ የበዛበት ነው። ባቡር ኩርባ ላይ ሲዞር ወደ ውጭ የመሄድ ዝንባሌ ይኖረዋል። ይህን ለመቋቋም የውጭው ሐዲድ ከውስጠኛው ከፍ እንዲል ይደረጋል። የከፍታው ልክ በቀላል ቀመር ይገኛል፦ የፍጥነቱ ካሬ በሐዲዱ ስፋት ተባዝቶ፣ ለኩርባው ሬዲየስና ለመሬት ስበት ብዜት ይካፈላል።

ለምሳሌ ባቡሩ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 8.3 ሜትር ይሂድ፤ የኩርባው ሬዲየስ 100 ሜትር ይሁን፤ የሐዲዱ ስፋት ደግሞ 600 ሚሊ ሜትር ይሁን። ውጤቱ 42 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለሆነም በጎ ፈቃደኛው በአንድ ጫፉ 42 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት የተመታበት ጣውላ በሐዲዶቹ ላይ አጋድሞ፣ በላዩ ውኃ ልክ ያስቀምጣል፤ አረፋው መሐል ላይ እስኪቆም ድረስ የውጭውን ሐዲድ ያነሣል። ቀመሩን የማያውቅ ሠራተኛ ጣውላውን በትክክል ሊጠቀምበት ይችላል፤ ጣውላውን የሚያዘጋጀው ሰው ግን ቀመሩን ማወቅ አለበት። በበጎ ፈቃደኞች ሥራ ውስጥ ዕውቀትና ጉልበት የተገናኙት በእንዲህ ያሉ ቀላል መሣሪያዎች አማካይነት ነው።

ውኃ የወሰደው መንገድ

አሁን ወደ ዲያልት እንመለስ። መንገዱ ገና እየታደሰ ሳለ የብሪታንያ የኤሌክትሪክ ባለሥልጣን ከዲያልት በላይ ባለው ሸለቆ ልዩ የኃይል ማመንጫ ለመሥራት ወሰነ። ማመንጫው ሁለት ሰው ሠራሽ ሐይቆች አሉት። የኤሌክትሪክ ፍላጎት ዝቅ በሚልበት ሌሊት ውኃው ከታችኛው ሐይቅ ወደ ላይኛው ይገፋል፤ ፍላጎት ሲጨምር ውኃው ከ300 ሜትር ገደማ ከፍታ እየወረደ ተርባይኖችን ያዞራል። በ1963 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ማመንጫ 360 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ነገር ግን የታችኛው ሐይቅ የባቡሩን መንገድ ከፊል አሰጠመ። የመንገዱ ወዳጆች ለካሣ ለዓመታት ተሟገቱ፤ የካሣው ክርክር የተቋጨው በ1972 ዓ.ም. ነበር።

ለእነርሱ ሁለት ምርጫ ነበራቸው። አንደኛው ዲያልት ላይ መቆም ነው፤ ዲያልት ግን የመኪና መንገድ የማይደርስበት ተራራ ጥግ በመሆኑ መስመሩ መድረሻ የሌለው ይሆናል። ሁለተኛው ከሐይቁ በላይ የሚያልፍ አዲስ መንገድ መሥራት ነው። ሁለተኛውን መረጡ። በጥር 1965 ዓ.ም. የመጀመሪያው አፈር ተቆፈረ፤ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን አዲስ መንገድም ተጀመረ።

ችግሩ የከፍታ ነበር። አዲሱ መንገድ ከአሮጌው በላይ መውጣት አለበት፤ ለመውጣት ያለው ርቀት ግን አጭር ነው። ታዲያ ዳገቱን ለምን አያቆሙትም? መልሱ በመንኰራኩርና በሐዲድ መካከል ባለው ሰበቃ ላይ ነው። ክብደቱ 24 ቶን የሆነና መንኰራኩሮቹ ሁሉ የሚገፉ ሎኮሞቲቭ እንውሰድ። በደረቅ ሐዲድ ላይ የሰበቃው ልክ 0.2 ቢሆን ሎኮሞቲቩ ሳይንሸራተት ሊጎትት የሚችለው እስከ 4.8 ቶን ነው፤ ሐዲዱ ረጥቦ ልኩ ወደ 0.1 ቢወርድ 2.4 ቶን ብቻ ይሆናል። የባቡሩ ጠቅላላ ክብደት 100 ቶን ቢሆን ስበት ወደ ኋላ የሚጎትተው በየ80 ሜትሩ 1 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ 1.25 ቶን፣ በየ40 ሜትሩ 1 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ደግሞ 2.5 ቶን ነው። ስለዚህ ዳገቱ በእጥፍ ቢቆም ባቡሩ በዝናብ ቀን መንኰራኩሩን በከንቱ እያሽከረከረ ይቆማል ማለት ነው። በዌልስ ደግሞ ዝናብ የዘወትር እንግዳ ነው።

ዳገቱን ማቆም ካልተቻለ መንገዱን ማስረዘም የግድ ይሆናል። በየ80 ሜትሩ 1 ሜትር እየወጡ 10 ሜትር ከፍ ለማለት 800 ሜትር መንገድ ያስፈልጋል። ይህን ርዝመት በጠባብ ስፍራ ለማግኘት ያለው ዘዴ መዞር ነው። ዲያልት ላይ የተሠራው መንገድ እንደ ጥምጣም ክብ ሠርቶ፣ እየወጣ ዞሮ፣ በድልድይ የራሱን ሐዲድ ተሻግሮ ያልፋል። በብሪታንያ የሕዝብ ባቡር መንገዶች ላይ ያለው ብቸኛው እንዲህ ያለ ጥምዝ ይህ ነው። የተሠራውም በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ ከተለያዩ የብሪታንያ አካባቢዎች የተሰባሰቡ ቡድኖች በየሳምንቱ መጨረሻ እየተፈራረቁ ዓለት ፈልጠው፣ ድንጋይ በትናንሽ ፉርጎዎች ገፍተው፣ ጉድጓዱን ሞሉ፣ ግንቡን ገነቡ።

የበጎ ፈቃደኝነት ወሰን

ለዚህ ታሪክ ተገቢውን ክብር ለመስጠት ወሰኑንም መናገር ይገባል። ከጥምዙ በኋላ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍ አዲስ ዋሻ ያስፈልግ ነበር፤ ርዝመቱ 280 ሜትር ገደማ ነው። ዋሻ ቁፋሮ እንደ አፈር ዝቆሽ አይደለም። ድማሚት ከተፈነዳ በኋላ የትኛው ዓለት ሊወድቅ እንደሚችል ማወቅ የብዙ ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ስሕተቱም የሰው ሕይወት ያስከፍላል። በዚህ ምክንያት ዋሻው ለበጎ ፈቃደኞች አልተሰጠም፤ ከ1975 እስከ 1977 ዓ.ም. በኮርንዋል የቆርቆሮ ማዕድን ሥራ ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች የሚመራ ቡድን በክፍያ ቆፈረው።

ከዚህም ሌላ በብሪታንያ ሕግ መሠረት አዲስ የባቡር መንገድ መንገደኛ ከመጫኑ በፊት በመንግሥት የባቡር ተቆጣጣሪ መመርመር ነበረበት። ተቆጣጣሪው ሐዲዱን የዘረጋው ደመወዝተኛ ይሁን በጎ ፈቃደኛ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ስፋቱ፣ ከፍታውና ማሰሪያው በልኩ መሆኑን ነው። መግቢያችን ላይ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ እዚህ ይገኛል። በጎ ፈቃደኛ የሠራው ሐዲድ ሕዝብ ሊያሳፍር የቻለው ልኩ ስለተጠበቀ፣ በሌላ ዐይን ስለተመረመረ፣ ከችሎታ በላይ የሆነውም ሥራ ለሚያውቀው ስለተሰጠ ነው። የተፈጥሮ ሕግ ለመልካም ሐሳብ ቅናሽ አያደርግም።

በ1978 ዓ.ም. ባቡሩ በአዲሱ መንገድ ታኒግሪሺያይ ደረሰ። በ1982 ዓ.ም. ደግሞ፣ መንገዱን ያቋቋመው ሕግ በወጣ በ150ኛው ዓመት፣ ብላይናይ ፌስቲኒዮግ ገባ። ከዚያ በኋላ ይኸው ኩባንያ ከፖርትማዶግ እስከ ካናርቮን 40 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውንና ከብዙ ዓመታት በፊት ሐዲዱ ተነቅሎ የነበረውን የዌልስ ሃይላንድ መስመር እንደገና ሠራ፤ መስመሩ በ2011 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሐዲዱን በመዘርጋቱ ሥራ በጎ ፈቃደኞች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የፌስቲኒዮግና የታሊሊን መንገዶች የሚገኙበት የሰሜን ምዕራብ ዌልስ የጣሪያ ድንጋይ ምድር በ2021 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

በምሥራቅ አፍሪካም ለዚህ ታሪክ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። ከምጽዋ እስከ አስመራ የሚወጣውና ስፋቱ 950 ሚሊ ሜትር የሆነው የኤርትራ ባቡር መንገድ በጦርነቱ ዘመን ፈርሶ ሐዲዱና አግዳሚዎቹ ለምሽግ ሥራ ውለው ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሐዲዱ ከምሽጎቹ እየተለቀመ፣ በጡረታ የነበሩ አረጋውያን የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው ሙያቸውን ለወጣቶች እያሳዩ መንገዱ ታደሰ፤ በ2003 ዓ.ም. አስመራ ደረሰ። ይህ የመንግሥት ሥራ እንጂ የማኅበር ሥራ አልነበረም፤ ነገር ግን አንድ የጋራ ቁም ነገር አለው። ሐዲድ ቢነቀል ብረቱ ይገኛል፤ ሙያውን የሚያውቁት ሰዎች ካለፉ ግን መልሶ ለማግኘት ይከብዳል።

በአገራችን በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰውና ስፋቱ 1,000 ሚሊ ሜትር የሆነው የጅቡቲ–አዲስ አበባ አሮጌ መስመር ለከተሞቻችን መመሥረትና ለቋንቋችን ሳይቀር አሻራውን ትቷል፤ “ለገሃር” የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ የመጣ ነው። ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የአሮጌው መስመር ጉዳይ የታሪክ ብቻ ሳይሆን የሙያም ጥያቄ ሆኗል። በድሬዳዋና በሌሎች ጣቢያዎች ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሠራተኞች ስለ ኩርባ፣ ስለ ኮረትና ስለ ክሪክ የሚያውቁትን መዝግቦ መያዝ ከአንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የማይተናነስ ዋጋ አለው።

ማጠቃለያ

ሐዲድ ክብደትን የሚያከፋፍል፣ ሙቀትን የሚችል፣ በኩርባ ላይ ጉልበትን የሚያመዛዝን፣ በዳገት ላይ ከሰበቃ ወሰን የማያልፍ ሥራ መሆኑን ተመልክተናል። የፌስቲኒዮግ በጎ ፈቃደኞች እነዚህን ሕጎች በክፍል ውስጥ ሳይሆን በዝናብ፣ በአካፋ ጫፍ ተማሩአቸው። ከአዲሱ መንገድ መጀመር እስከ ብላይናይ ፌስቲኒዮግ መድረስ 17 ዓመታት ፈጅቷል። ሥራው ግን ዛሬም አላለቀም፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ኮረቱ ይሰምጣል፣ ብረቱ ያልቃል፣ አዲስ በጎ ፈቃደኛም አካፋውን ይረከባል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. 15 ሜትር የሚረዝም ሐዲድ ሙቀቱ በ35 ዲግሪ ሴልሽየስ ቢጨምር ስንት ሚሊ ሜትር ይረዝማል?
2. በየ60 ሜትሩ 1 ሜትር በሚወጣ መንገድ 12 ሜትር ከፍ ለማለት ስንት ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል?
3. የሐዲዱ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር፣ የኩርባው ሬዲየስ 150 ሜትር፣ የባቡሩ ፍጥነት በሴኮንድ 10 ሜትር ቢሆን የውጭው ሐዲድ በስንት ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት?
4. ክብ የወንዝ ጠጠርና የተፈለጠ ኮረት በሁለት ተመሳሳይ ሣጥኖች ሞልታችሁ፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጣውላ አስቀምጣችሁ ወደ ጎን ግፉ። የትኛው የበለጠ ይቋቋማል? ምክንያቱን ለጓደኞቻችሁ አስረዱ።

መልስ፦ 1) 6.3 ሚሊ ሜትር፤ 2) 720 ሜትር፤ 3) 68 ሚሊ ሜትር ገደማ። የአራተኛውን መልስ ሠርታችሁ እንድታገኙት ትተንላችኋል።